ፌስታል የታሰረበት ጫማ

የአብስራ ትባላለች። ያን ጊዜ ዐሥር ዓመቷ ነበር። ቤታቸው እዚሁ አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ወዲህ ነው። አባቷ ገዳ ባጃጅ ይነዳል። ታሪኩን ለእናንተ ከመንገሬ በፊት እሷኑ አስፈቅጃለሁ፤ የሰው ታሪክ እንደ ቆሎ ዝም ብሎ አይበተንም። ቤኪ፣ ማስቲካህን በወረቀት ጠቅልለህ ኪስህ ክተት። አዎ፣ አንተን ነው።

የአብስራ ጎበዝ ልጅ ናት። ይህን መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ሲገፋ ትናደዱባታላችሁና። ከመዝሙር ጥናት አትቀርም። ነጠላዋ ሁልጊዜ ታጥቦ የተተኮሰ ነው። ደንብ ታውቃለች። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። ጫማ በሩ ላይ ይወልቃል፤ አዳራሹ ምንጣፍ አለዋ። የበር ተረኛ ስትሆን የሁሉንም ጫማ ጥንድ ጥንዱን ትደረድራለች። ካልሲው የሸተተውን ልጅ ሳይቀር ከበር ትመልሳለች። ሳቁ፣ ሳቁ። ከእናንተም መሃል የሚመለስ አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን ነበረባት። መቅደም ትወዳለች። የሆሳዕናን መዝሙር በየዓመቱ የምትመራው እሷ ነበረች። ከፊት ስትቆም፣ ዘንባባው በራሷ ላይ ሆኖ ሕዝቡ ሁሉ እሷን ሲያይ፣ ደስ ይላታል። ማንን ደስ አይለው? ክፋቱ ቦታውን የራሷ አድርጋ መቁጠሯ ነው።

በዚያው ዓመት አንዲት ልጅ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን መጣች። ሌንሳ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአቃቂ በሰቃ ነበር የምትመጣው። ከተወለደች ጀምሮ አንድ እግሯ ከሌላው ያጥራል። ስለዚህ በሰቃ ያለ አንድ ጫማ ሠሪ በአጭሩ እግሯ በኩል ያለውን ጫማ ጎማ በጎማ ላይ ደራርቦ ሶሉን አወፈረላት። እሱን ስታደርግ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ስታወልቀው ግን ወገቧ ወደ ጎን ይጣመማል፤ መሬቱም የሚከዳት ይመስላታል።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ይዣት ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድኩ። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁ ካህን ናቸው። ምንጣፍ ቆሸሸ ብለው እኔን እንኳ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ጫማዋን አዩት። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ነካ አደረጉት።

«ይህ ጫማ አይደለም፤ እግሯ ነው» አሉ። «እግሯን በር ላይ ትታ ትግባ እንዴ? ግቢ ልጄ።»

ይህንንም ለልጆቹ ሁሉ ነገርኳቸው። ሁሉም «እሺ እትዬ» አሉ። የአብስራም እሺ ብላለች።

ሌንሳ ሌላም ነገር ነበራት። በመንገድ ስትመጣ በጫማዎቿ ላይ ፌስታል ታስራለች። ሰማያዊ ፌስታል። በሩ ላይ ስትደርስ ትፈታዋለች፤ አጣጥፋም ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ልጆቹን ይህ ያስቃቸው ነበር። ለምን እንደምታስረው ግን አንድም ልጅ ጠይቋት አያውቅም። ይህን ልብ በሉ፤ እመለስበታለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ የሆሳዕናን መዝሙር ማጥናት ጀመርን። ሌንሳ ድምጿ ቀጭን ነው፤ ግን እስከ አዳራሹ ጥግ ይሰማል። ግጥሙንም ከሁሉም ቀድማ ያዘችው። እኔም «ዘንድሮ ሌንሳ ትምራ» አልኩ።

የአብስራ «እሺ እትዬ» አለች። አፏ እሺ አለ፤ ሆዷ ግን እምቢ አለ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻው ጥናት ነበር። ዘንባባው መጥቷል ተባልኩና ላመጣ ወደ ግቢው በር ወረድኩ። የቀኑ ተረኛ የአብስራ ነበረች። ልጆቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ከኋላ ሌንሳ መጣች። ፌስታሏን ፈትታ አጣጠፈች። አንድ እግሯን ወደ ውስጥ ስታነሳ የአብስራ እጇን ዘርግታ በሩን ዘጋችባት።

«ጫማሽን አውልቂ» አለቻት።

«እትዬ ከነጫማሽ ግቢ ብለውኛል።»

«እትዬ አሁን የሉም። ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

«ሳወልቅ እኮ እግሬን ያመኛል» አለች ሌንሳ ቀስ ብላ።

«ሙሴ እንኳን አውልቋል» አለቻት የአብስራ። «አንቺ ከሙሴ ትበልጫለሽ?»

አያችሁ? ሙሴ በተቀደሰው ስፍራ ጫማህን አውልቅ መባሉ እውነት ነው። ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ግን እግዚአብሔር ሙሴን አውልቅ ያለው ሊያቀርበው ነው እንጂ ሊያባርረው አይደለም። የአብስራ ያንኑ መልካም ቃል ወስዳ ዱላ አደረገችው። ትክክለኛ ነገር ይዞ ሰው መምታት ይቻላል፤ ይህን ዕወቁ።

ሌንሳ ምን ትመልስ? ከሙሴ እበልጣለሁ አትል። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማሰሪያውን ፈታች። ሁለቱንም ጫማዎቿን አውልቃ እንደ ሌሎቹ ጥንዱን አስተካክላ አስቀመጠች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። አንድ እርምጃ ሄደች። ሁለተኛውን ስትሞክር ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተደናቀፈችና በጉልበቷ ወደቀች።

ሚራክል የሚባል ልጅ ሳቀ። እሱን ተከትለው ሌሎችም ሳቁ። ክፉ ልጆች ሆነው አይደለም፤ ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ ነው። እሱን ተከትሎ መምጣት የነበረበት እጅ ግን አልመጣም። አንድም ልጅ ተነሥቶ አላነሣትም።

ሌንሳ አላለቀሰችም። እየዳኸች ወደ ጫማዋ ተመለሰች። አደረገችው። ፌስታሉን ከቦርሳዋ አውጥታ በላዩ አሰረች፤ ቋጠሮውንም ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ ተነሥታ ሄደች።

የአብስራ በር ላይ ቆማ ታያት ነበር። ልትጠራት አፏን ከፈተች። «ሌንሳ» የሚለው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያች ቅጽበት የነገው መዝሙር ትዝ አላት። አፏን ዘጋችው።

እኔ ዘንባባውን ተሸክሜ ስመለስ «ሌንሳስ?» አልኩ።

ልጆቹ አቀረቀሩ። የአብስራ ናት የመለሰችልኝ። «መጥታ ሄደች እትዬ። እግሯን አሟት ይሆናል።»

«እንግዲያው ነገ አንቺ ትመሪያለሽ» አልኳት።

ሆሳዕና ደረሰ። የአብስራ ነጭ ለብሳ፣ የዘንባባ አክሊል ደፍታ ከፊት ቆመች። ተሰናክላ ይሆን ብላችሁ ነው? አልተሰናከለችም። አንድ ቃል እንኳ አልሳተችም። እናቶች እልል አሉላት። አባቷ ባጃጁን አቁሞ መጥቶ ከሰው ትከሻ በላይ ያያት ነበር። የፈለገችውን ሁሉ አገኘች። ሲያልቅ ግን ከጓደኞቿ ጋር አልተጫወተችም። ከአዳራሹ ጥግ ለሌንሳ የተሠራው የዘንባባ አክሊል ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ማንም ሳያያት አነሣችውና በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ወሰደችው። ለምን እንደወሰደችው ራሷም አላወቀችም።

በማግስቱ ወደ ሌንሳ እናት ወደ ዳሲቱ ደወልኩ። «እግሬን አሞኛል ብላ ተኝታለች እትዬ» አለችኝ። አመንኳት። ሌንሳ በየአብስራ ላይ አንዲት ቃል አልተናገረችም። የበደለችው ውሸት ተናገረች፤ የተበደለችውም ያንኑ ውሸት ተናግራ ሸፈነችላት።

ጸሎተ ሐሙስ መጣ። በዚያ ቀን ካህናት የምእመናንን እግር እንደሚያጥቡ ታውቃላችሁ። ቄሰ ገበዙ ወገባቸውን በፎጣ ታጥቀው፣ የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው ከልጅ ወደ ልጅ እየሄዱ ያጥባሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ይንቋቋል። የአብስራ ተራዋ ደረሰ። ከቤት በነጠላ ጫማ ነበር የመጣችው፤ የአቃቂን አቧራ ታውቁታላችሁ። ውኃው እግሯ ላይ ሲፈስ ማስታጠቢያው ውስጥ ደፈረሰ።

እሷም ውኃውን አየችው። እግሯን ሰበሰበች።

«አባ፣ የእኔን አይጠቡ» አለች።

ቄሰ ገበዙ ቀና አሉ። «ጴጥሮስም እንደዚህ ብሎ ነበር። አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሌንሳን ጫማዋን አስወለቅኳት» አለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እሳቸው አልተቆጧትም። እግሯን መልሰው ሳቡና አጥበው ጨረሱ። በፎጣው አደረቁላት። «ለእኔ ነገርሽኝ። መልካም። አሁን ለእሷ ንገሪያት» አሉና ወደ ቀጣዩ ልጅ አለፉ።

ጉልባን ሲታደል የአብስራ አልበላችም። ወደ እኔ መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። ሙሴን ሳይቀር። እኔ ቁጡ ሴት ነኝ፤ ደብቄ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ፊቷን ሳየው ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም» አልኳት። «ግን እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ቄጠማ ተሰጠን። የአብስራ የራሷን ራሷ ላይ አሰረች፤ ሌላ አንድ ለሌንሳ ያዘች። የደረቀውን የዘንባባ አክሊልም ይዛ ነበር። አባቷ በባጃጁ ወደ በሰቃ ወሰደን። በመንገድ ሁሉ በመስታወቱ አንዴም አላያትም። ልጁ የሠራችውን ሰምቷላ።

ዳሲቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ከፊቷ የሳሙና ውኃ ያለበት ሳህን አለ። በእጇ ብሩሽ ይዛለች። የምታጥበው የሌንሳን ጫማ ነበር። ላዩን አይደለም፤ ገልብጣ ሶሉን ነው የምትፈትገው።

«ይግቡ እትዬ» አለችኝ። «እጄ ሳሙና ነው፣ ይቅርታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶሉን አጥባለሁ። የእግዚአብሔር ቤት ምንጣፍ ላይ ትረግጥበታለች ብዬ ነው። ታጥቦ ደግሞ መንገዱ እንዳያቆሽሽባት ፌስታል አስርላታለሁ። ከሆሳዕና ወዲህ አልሄድም ብላለች። እኔ ግን ልማድ ሆነብኝና ይኸው አጥባለሁ።»

አሁን ገባችሁ? ፌስታሉ ለዚህ ነበር። ከእኛ ሁሉ እግር ይልቅ የዚያች ልጅ ሶል ንጹሕ ነበር። የአብስራ ማስታጠቢያው ውስጥ የደፈረሰው የራሷ እግር እጣቢ ትዝ ሳይላት አልቀረም። ምን ይዋጣት? ባጃጁ ጋር ተጣብቃ ቀረች።

ሌንሳ ከውስጥ ወጣች። ግድግዳውን ይዛ ነው የወጣችው፤ ጫማዋ እናቷ እጅ ነበራ። በሰሙነ ሕማማት ሰው አይሳሳምም። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ተያዩ።

«ሌንሳ፣ የእትዬን ቃል አውቅ ነበር» አለች የአብስራ። «መዝሙሩን መምራት ስለፈለግሁ ነው ያስወለቅኩሽ። ስትወድቂም አላነሣሁሽም። ለእትዬም ዋሸሁ። ይቅር በይኝ።»

ዳሲቱ ብሩሹን አቆመች። «እኔ እኮ እውነት እግሯን ያመማት መስሎኝ...» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ብሩሹን ሳህኑ ውስጥ ጣለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንጀቴን በላችው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ሌንሳ። ቶሎ ነው ያለችው። ከዚያ ከእናቷ ጭን ላይ ጫማውን አነሣች። ገልብጣ ሶሉን ለየአብስራ አሳየቻት። «ግን ንጹሕ ነበር። እይው።»

የአብስራ አየችው። ቄጠማውን ሰጠቻት። አክሊሉንም ሰጠቻት። ሌንሳ አክሊሉን ስትቀበለው አንዱ ቅጠል ደርቆ ስለነበር ተሰበረ።

«ሆሳዕና አለፈ እኮ» አለች።

አዎ፣ አልፏል። ሆሳዕና በዓመት አንዴ ናት። ይቅርታ ብዙ ነገር ይመልሳል፤ ያለፈን ሆሳዕና ግን አይመልስም።

የትንሣኤ በዓል ዋለ። በሳምንቱ እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ሌንሳ ከእናቷ ጋር መጣች። ልጆቹን በክብ አስቀመጥኳቸው። «ዛሬ ከመዘመራችን በፊት ሁላችሁም አንድ የሚከብዳችሁን ነገር ተናገሩ። የሚያግዛችሁንም ተናገሩ። የሚስቅ የለም» አልኳቸው። ቃልቤሳ የሚባለው ልጅ ሲናገር ይይዘዋል። «እስክ... እስክጨርስ ጠብቁኝ» አለ። ጠበቁት። ሚራክል ደግሞ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አይታየኝም ብሎ አስደነቀን። ለካስ ዓመቱን ሙሉ የጎረቤቱን እያየ ነበር የሚገለብጠው። ከፊት እንዲቀመጥ ቦታ ቀየርንለት። ሌንሳ ደረጃው ላይ የሚያዝ ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል አለች። የየአብስራ ተራ ሲደርስ «እኔ ሌላ ሰው ሲቀድመኝ ሆዴን ያመኛል» አለች። «እኔንም» አለ ሚራክል።

መልካም ሆነ ማለት ነው? በብዙው መልካም ሆነ። ነገር ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እሱን ልነግራችሁ ነው ይህን ሁሉ ያወራሁት።

በዚያ እሑድ ሌንሳ በሩ ላይ ስትደርስ ተረኛዋ የአብስራ ነበረች። ራሷ ለምና ነው ተራውን የወሰደችው። ሌንሳ ፌስታሏን ፈታች። ከዚያ ከመግባቷ በፊት ቆመች። የአብስራን ቀና ብላ አየቻት።

«ላውልቅ?» አለቻት።

ተንኮል አልነበረባትም። ቂምም አልያዘችም፤ ይቅር ብላታለች። እንዲያው በሩን ስታይ ይመጣባታል። የአብስራ «አይ፣ ግቢ» አለቻትና እጇን ሰጠቻት። በሚቀጥለው እሑድ ሌንሳ ከበሩ ስትደርስ ደግማ ቆመች። «ላውልቅ?» በሚቀጥለውም እንዲሁ። ክረምቱ ገባ፣ ጭቃው መጣ፣ የአብስራ በእርጥብ ጨርቅ ሶሉን ራሷ ትጠርግላት ጀመር። አብረው ይስቃሉ፤ አብረው ይበላሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ያው ነው። ሌንሳን መዝሙር ምሪ ብያት «ከመሃል ልሁን እትዬ» አለችኝ። ከመሃል ሆና ዘመረች። ያ ድምጽ ግን እስከ ጥግ መሰማቱን ተወ።

በመስከረም የሌንሳ አባት ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ቤተሰቡ ሄደ። ሌላ ሆሳዕና እኛ ጋ ሆና አላየችም። የመጨረሻዋ እሑድ ልትሰናበተን መጣች። ያን ቀን እንኳ ከበሩ ላይ ቆማ ጠየቀች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት ይህንን ነው።

እንግዲህ እዚህ በራችን ላይ ያለውን በርጩማ፣ ደረጃው ላይ የተተከለውን መያዣ ብረት፣ በባልዲው ውስጥ ያለውን እርጥብ ጨርቅ ለምን እንደሆነ ስትጠይቁኝ ነበር። የበር ተረኛችንስ ማንም ሳይናገር ቀድማ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ምን ላግዝህ?» የምትለው ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። የሚመጣ ልጅ ሁሉ ያቺን ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዲገባ ነው። ብረቱን የተከለው ገዳ ነው። ተረኛዋም ልጁ የአብስራ ናት፤ አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ የተቀበለቻችሁ እሷ ናት። ታሪኩን ንገሪያቸው ያለችኝም እሷው ናት። ዞራችሁ አትዩአት። ስትወጡ እንደ ሁልጊዜው አመስግኗት።

ልጆቼ፣ ከእናንተ የተለየ ሰው ሲመጣ ደንብ ጠቅሳችሁ አትከልክሉት፤ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁትና አስገቡት፣ በር ላይ የተሰበረ ልብ ይቅርታ ካገኘ በኋላም በሩን ይፈራልና።